ከሆስፒታል አልጋ ጋፋት የደረሰ ማሲንቆ

አያ ይሻው በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሠርግ ሲያደምቁ የኖሩ አዝማሪ ናቸው። እሳቸው ማሲንቋቸውን፣ ሚስታቸው እትዬ ጌጤ ከበሯቸውን ይዘው ያልገቡበት ዳስ የለም ማለት ይቻላል። ከአንበሳሜ እስከ ይፋግ ልጁን የሚድር ሰው ቀን ከመቁረጡ በፊት አያ ይሻው በሌላ ሠርግ እንዳልተያዙ ያጣራል። «የነፍስ አባቱን እንኳ የሚያማክረው ከእኔ ቀጥሎ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ።

እንግዲህ የገዛ ልጃቸው የብርቱካን ሠርግ ሲቆረጥ አገሩ ምን ያህል እንደጓጓ መገመት ነው። ብርቱካን አንድያ ልጃቸው ናት። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት ተወልዳ፣ ደብረ ታቦር ተምራ፣ እዚያው ከተማ መምህርት ሆናለች። የምታገባው ሞገስ የሚባል የይፋግ ልጅ፣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ። ሠርጉ በግንቦት መጨረሻ፣ እሑድ ቀን፣ ጋፋት በወላጆቿ ቤት እንዲሆን ተወሰነ።

ነገሩ የተበላሸው የድግሱ ዝግጅት ከተጀመረ በኋላ ነው። አያ ይሻው አንበሳሜ አንድ ሠርግ አድምቀው ሲመለሱ፣ ከተሳፈሩበት የጭነት መኪና ላይ ሲወርዱ እግራቸውን አንሸራተታቸውና የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። ማሲንቆውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ስለወደቁ እሱን ጭረት እንኳ አልነካውም። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሲገቡ ሐኪሞቹ እግራቸውን በገመድና በክብደት ወጥረው ከአልጋው ጋር ሰቀሉት። አጥንቱ ቀጥ ብሎ እስኪገጥም ድረስ ለሳምንታት ከዚያ አልጋ ንቅንቅ ማለት አይቻልም ተባለ። «በቃሬዛ አድርገን፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብለን እንወስዳቸዋለን» ብለው የመጡትን የጋፋት ጎረምሶች ሐኪሙ አመስግኖ መለሳቸው።

ብርቱካን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ሠርጉ ይተላለፍ» አለች።

«ጠላው ተጠንስሶ? የይፋግ ሰው ተጠርቶ? አይሆንም» አሉ አያ ይሻው።

«እንግዲያው አንተ ሳትዘፍን እኔ ከቤት አልወጣም።»

«እሱም አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ይሁን አባዬ?»

ለነገር ሁሉ ግጥም የማያጡት አያ ይሻው የተሰቀለ እግራቸውን ብቻ አዩት።

በዚህ መሀል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ የምትሰማ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሰላማዊት። የብርቱካን አብሮ አደግ ናት። ባሕር ዳር የድምፅ መሣሪያ በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ዓመታት ሠርታ፣ ድርጅቱ ዕቃውን ሲቀይር አሮጌውን ገዝታ ወደ አገሯ ተመልሳለች። አሮጌ ይባል እንጂ ደብረ ታቦር ላይ እንደሱ ያለ አልነበረም። ድምፆችን የሚያቀላቅል አንድ ዲጂታል ሚክሰርና ማይክ የሚሰካባቸው ሁለት ሳጥኖች ናቸው። ሳጥኖቹ ከሚክሰሩ ጋር የሚገናኙት ኮምፒውተር በሚገናኝበት በዚያ ቀጭን የኔትወርክ ገመድ ነው። ድምፁም በዚያው ይሄዳል፣ ትእዛዙም በዚያው ይሄዳል። ሰላማዊት መድረክ ላይ ሳትወጣ፣ ታብሌቷን ይዛ ከሩቅ ሆና የአንዱን ማይክ ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ ታደርጋለች። የብርቱካንን ሠርግ ድምፅ የምትሠራውም እሷ ነበረች።

«አያ ይሻው ከዚሁ ሆነው ይዘፍናሉ» አለች። ቃሉ ቀድሟት ወጣ እንጂ እንዴት እንደሚሆን ገና አላሰበችበትም።

መጀመሪያ የሞከሩት በስልክ ነው። ሰላማዊት ጋፋት ሄዳ የእትዬ ጌጤን ስልክ ከስፒከር ጋር አገናኘች። አያ ይሻው ሆስፒታል ሆነው ማሲንቆውን ሲጀምሩ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ከማሲንቆ ይልቅ ጉንፋን የያዘው ንብ ይመስል ነበር። እትዬ ጌጤ ግን ባላቸውን በጭራሽ ከማጣት ይሻላል ብለው ከበሮውን ቀጠሉ። ጥቂት ሳይቆዩ ሁለቱም አቆሙ።

«ዘገየህ!» አሉ እትዬ ጌጤ ወደ ስልኩ እየጮኹ።

«የዘገየሽው አንቺ ነሽ! እኔ ጨርሼ ቆሜ እየጠበቅኩሽ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳልዘገይ ዛሬ ልዘግይ?»

«እኔስ መቼ ዘግይቼ አውቃለሁ!»

የዘገየው ስልኩ ነበር። ለወሬ የማይታወቅ መዘግየት፣ ለከበሮና ለማሲንቆ ገደል ነው። አንዱ ሲመታ ሌላው ጋ የሚደርሰው ምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ያ ሲጠብቅ ይህ ሲጠብቅ ዘፈኑ ይሞታል። እትዬ ጌጤ ከበሮውን መሬት አስቀመጡት። ሰላማዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል መግባቷ ቆጫት።

በማግስቱ ገበያ አጠገብ ወዳለው የኑሩ ሱቅ ሄደች። ኑሩ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ዋና ሥራው ግን ለመሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ገመድ በማይደርስበት ቦታ ሁለት የአንቴና ሳህኖች ከሩቅ ትይዩ አቁሞ በአየር ያገናኛል። ሰላማዊት ነገሩን ሁሉ አጫወተችው።

ኑሩ ጢሙን እየዳሰሰ ሰማትና፣ «የሆስፒታሉ የውኃ ጋን ማማ ላይ ብወጣ ጋፋት ፊት ለፊት ይታየኛል» አለ። «ሳህን አለኝ። ግን እኔ የማስተላልፈው ደብዳቤና ፎቶ ነው፤ ትንሽ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ያንቺ ሳጥኖች ደግሞ አመለኞች ናቸው፣ መዘግየት አይወዱም ይባላል።»

«አመለኞች ናቸው» አለች ሰላማዊት። «ግን በገመድ ሲገናኙ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው የሚያደርሱት። በአንተ ሳህን ላይ ትንሽ ቢጨምር እንኳ ለእትዬ ጌጤ አይታወቃቸውም።»

«እንሞክራ! አያ ይሻው የእኔንም ወንድም ሠርግ በግጥም ያደመቁ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ሲበላ ሙሽራው ሳይበላ መረሳቱን ሳይቀር ገጥመዋል።»

የቀረው የሆስፒታሉ ፈቃድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ የወንዶቹን ክፍል የምትመራው ሲስተር ሰልማ ከተስማማች ይሁን አለ። ሰልማ ቀልድ የማታውቅ ነርስ ናት ተብሎ ይፈራል። ሰላማዊትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«በሽተኞቹን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፤ አንድ ሰው እንኳ አልፈልግም ካለ የለም። ድምፁ እዚህ ክፍል ውስጥ ዝቅ ያለ ይሆናል። የእሳቸው እግር ደግሞ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ የመሣሪያሽን ገመድ የምነቅለው እኔ ነኝ። ተግባባን?»

«ተግባባን ሲስተር።»

ሰልማ ጠየቀች። አልፈልግም ያለ አልነበረም። እንዲያውም አያ ይሻው አጠገብ የተኛው ሙላቴ፣ ከበሬ ጋር ታግሎ ክንዱን የተሰበረ ገበሬ፣ «የአንቱን ልጅ ሠርግ ተኝቼ ልታደም? ከዚህ ወዲያ ምን ጤና አለ!» ብሎ በደህና እጁ ብርድ ልብሱን መታ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኑሩ ማማው ላይ ወጣ። ሰላማዊት ጋፋት፣ በእነ እትዬ ጌጤ ግቢ ውስጥ፣ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ሁለተኛውን ሳህን አሳስራ ጠበቀችው። ከማማው ላይ ሆኖ የትኛው ግቢ እንደሆነ መለየት ስላልቻለ፣ እትዬ ጌጤ ከቤት መስታወት አውጥተው ፀሐዩን ወደ ከተማው ረጩት። ኑሩ በስልክ፣ «አየሁዎት! እንደ ኮከብ ይብለጨለጫሉ!» ሲል እትዬ ጌጤ፣ «ድሮም እንደዚያ ነበርኩ» አሉና ሳቁ። ሁለቱ ሳህኖች ፊት ለፊት ተያዩ። የግንኙነቱ አረንጓዴ መብራት በራ።

አንደኛው ሳጥን አያ ይሻው አልጋ ሥር ተቀምጦ ማይኩ በማሲንቆው ትይዩ ተተክሏል፤ ከጋፋት የሚመጣውን የሚያሰማ ትንሽ ስፒከርም አጠገቡ አለ። ሌላው ጋፋት ከሚክሰሩ ጋር ነው። አያ ይሻው ትራስ ተደራርቦላቸው፣ ማሲንቆውን ደረታቸው ላይ አጋድመው፣ ደጋኑን ሳብ አደረጉት። ጋፋት ላይ ድምፁ መጣ፤ ግን ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ፈንድሻ ጠሽ ጠሽ እያለ።

«ሳህንህ ነው» አለች ሰላማዊት በስልክ።

«ሳህኔ ንጹሕ ነው! እያየሁት ነው፤ አንድም የጠፋ ነገር የለም። ሳጥንሽን ተመልከቺ።»

«ሳጥኖቼ ባሕር ዳር ስንት መድረክ ሠርተዋል!»

«በገመድ ነዋ! በአየር መቼ ሞክረሻቸው ታውቂያለሽ?»

ትንሽ ተነታረኩ። ንትርኩ ሲበርድ ሰላማዊት ታብሌቷን እንደገና ከፈተች። በእያንዳንዱ ሳጥን ስም ትይዩ አንድ ቃል ተጽፏል። ሁለቴ አነበበችው።

«ኑሩ፣ ሁለቱም መሪ ነኝ ይላሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እነዚህ ዕቃዎች የሚነጋገሩበት ስርዓት አላቸው፤ ፕሮቶኮል ነው የሚባለው። በዚያ ስርዓት አንዱ ሰዓቱን ይይዛል፣ ሌሎቹ በእሱ ሰዓት ይሄዳሉ። እኔ ነኝ መሪ የሚል መልእክት በየጊዜው ይልካል፤ ያንን የሰማ ዝም ብሎ ይከተላል። አሁን ግን አንዱ የሌላውን አልሰማም። ስላልሰማ እያንዳንዱ ብቻዬን ነኝ ብሎ በራሱ ሰዓት ይሄዳል። ያ ጠሽ ጠሽ የሚለው ሁለቱ ሰዓቶች ሲፋለሱ ነው።»

 ኑሩ ግንባሩን በመዳፉ ሲመታ በስልኩ ተሰማ።

«ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ለሁሉም።»

«ሳህኖቼ እንደዚያ ያለውን መልእክት ሥራ እንዳያበዛ ብለው ያግዱታል፤ ያላገዱትንም በመጨረሻ ነው የሚያሳልፉት። እኔው ነኝ እንደዚያ ያዘዝኳቸው፤ ለመሥሪያ ቤት ጥሩ ነው። ቆይ አንድ ጊዜ።»

እትዬ ጌጤ ይህን ሁሉ ከበሯቸውን ታቅፈው ያዳምጡ ነበር። «እና ሁለቱ ሳጥኖች መሪው ማን እንደሆነ አልተስማሙም ነው የምትይኝ?» አሏት።

«እንደዚያ ነው እትዬ።»

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። የምትመራው ከበሮዋ ናት። እሱ መሪው እኔ ነኝ ብሎ ያወራል፤ ተይው ያውራ።»

ኑሩ ማማው ላይ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሳህኖቹን ትእዛዝ ለወጠ። የሰዓቱ መልእክት እንዲያልፍ፣ ሲያልፍም ከሁሉ ነገር ቀድሞ እንዲያልፍ አደረገ። ሰላማዊት ታብሌቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ነበር። ከሁለቱ ቃላት አንዱ ብልጭ አለና ተለወጠ፤ የሆስፒታሉ ሳጥን በራሱ ጊዜ ከመሪነት ወርዶ ተከታይ ሆነ። ማንም አላስገደደውም፤ የሌላውን ድምፅ ሰማ፣ በቃ።

ፈንድሻው ቆመ። ከስፒከሩ ማሲንቆ ወጣ። ስልክ ላይ እንደሰሙት አልነበረም፤ የደጋኑ ጭራ ከክሩ ጋር ሲፋተግ፣ የአያ ይሻው ትንፋሽ፣ የጣቶቻቸው መውጣትና መውረድ ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ እንደተቀመጡ ሆኖ ይሰማል። እትዬ ጌጤ ወደ ስፒከሩ አንድ እርምጃ ተጠጉ፣ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ይሻው!» አሉ በማይካቸው።

«አቤት የኔ ዓለም!»

«ክሩ ረግቧል። ቃኘው።»

ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋፋት ላይ ሳቁ ሳይቀር በስፒከሩ ወጣ። አያ ይሻው እየሳቁ ክሩን አከረሩት። ሰላማዊት ማይኩ ትንሽ ዝቅ ያለ ስለመሰላት ታብሌቷን ነካ አድርጋ ከፍ አደረገችው። አልጋው ሥር ያለው ሳጥን መብራቱ በራሱ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲዘል ሙላቴ አየና ብድግ ሊል ትንሽ ቀረው።

«ማንም ሳይነካው በራ! አንቱ፣ ይሄ ነገር ጠበል ያስፈልገዋል!»

«እኔ ነኝ የነካሁት፣ ከጋፋት ሆኜ» አለች ሰላማዊት በስፒከሩ።

«ከጋፋት ሆነሽ እዚህ አልጋ ሥር?» አሉ አያ ይሻው። «ልጄ፣ እንግዲህ ይህን የእግሬንም ክብደት ከዚያው ሆነሽ ቀንሺልኝ።»

ከዚያ እትዬ ጌጤ ከበሮውን መቱ። ማሲንቆው ምቱ ላይ ገባ። አልቀደመም፣ አልዘገየም። ሁለቱ ባልና ሚስት፣ አንዱ ከተማ ተኝቶ ሌላዋ ጋፋት ቆማ፣ አንድ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰዱት። ሲጨርሱ እትዬ ጌጤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «አለቀ፤ ልጄ ትዳራለች» አሉ።

እሑድ ደረሰ። ጋፋት ላይ የተጣለው ዳስ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰላማዊት ከጠላ ጋኖቹ አጠገብ ሚክሰሯን ዘርግታለች፤ ኑሩ ሆስፒታል ነው፤ ሙላቴ አያ ይሻው ግጥም ሲያወጡ ማይኩን በደህና እጁ ወደ አፋቸው የሚያቀርብ ሹም ሆኗል። አያ ይሻው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ራሳቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተዋል። የክፍሉን ትንሽ ስፒከር ድምፅ ደግሞ ኑሩ ሲስተር ሰልማ ባለችው ልክ አድርጎታል።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከይፋግ ሲደርሱ የሴቶቹ እልልታ ቀድሞ ተሰማ። እንደ ወጉ የሙሽራዋ ወገኖች በሩን ዘግተው ቆሙ። ሞገስ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ወደ በሩ ቀረበ። አማቱ ሆስፒታል መሆናቸውን ያውቃል። ስለዚህ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ስፒከር ማሲንቆ ሲያንጎራጉርበት ዙሪያውን ዞሮ ተመለከተ።

*ከይፋግ የመጣህ ባለ ነጭ መኪና፣*
*እግሬ ቢታሰርም ድምፄ ነፃ ነውና።*

«ነው፣ ና!» ብሎ አንዱ ሚዜ የግጥሙን የመጨረሻ ቃል ለሁለት ከፈለውና ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ጌጤ ከበሮውን አንግተው በሩ መሀል ቆመው ተቀበሉ፤

*አባት ካልጋው ሆኖ፣ እናት ቆማ ከደጅ፣*
*በየት አልፎ ይሂድ የዚያ ሰውዬ ልጅ።*

እልልታው ቀለጠ። የሞገስ አባት ሳይቀሩ «አበጀሽ!» ብለው አጨበጨቡ። አያ ይሻው ማሲንቆውን ለሚቀጥለው ግጥም አመቻቹ፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ሰጠ። «አንተ ሙሽራ...» አለ ድምፁ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተቆራረጠ፣ ጠፋ።

ከበሮው ቆመ። ሰላማዊት ታብሌቷን አየች፤ የሆስፒታሉ ሳጥን ስም ቀይ ሆኗል። ስልኳ ጠራ፤ ኑሩ ነው።

«በእኔ በኩል ሁሉም ደህና ነው። በእናንተ በኩል ሳህኑ ፊት የተገተረ ነገር አለ። ውጪና ተመልከቺ።»

ሰላማዊት ሰው እየገፋች ወጣች። ከግቢው ውጪ፣ ከፍ ያለችው ጉብታ ላይ፣ የሙሽራውን ዘመዶች አራግፎ ገና አሁን ወደዚያ የወጣው ትልቁ ሚኒባስ በአበባና በጨርቅ አሸብርቆ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ፍራሽና የስጦታ ሳጥን ተከምሯል። ልክ በሳህኑና በከተማው መሀል። ሾፌሩ የለም፤ ቁልፉን ይዞ አንድ ቤት ምሳ ገብቷል፤ የትኛው ቤት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ተመልሳ ወደ በሩ ሮጠችና ለሞገስ ነገረችው። «ድምፁን የጋረደው መኪናችሁ ነው። ካልተነሣ አያ ይሻው አይሰሙም።»

ሞገስ በሩን አየ፣ ዝም ያለውን ስፒከር አየ። ብርቱካን ከውስጥ በመስኮት ብቅ ብላ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያለው ሐዘን መግለጫ አያስፈልገውም። ሞገስ አበባውን ለሚዜው ሰጥቶ ወጣ። ሚኒባሱ ጋ ደርሶ የሾፌሩን በር ሞከረ፤ አልተቆለፈም። ማርሹን ነፃ አደረገ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፣ አንዱን ሚዜ መሪው ላይ አስቀመጠ፣ ራሱ ከኋላ ዞሮ ትከሻውን ሰጠ። ሚዜዎቹ ተከተሉት። የጋፋት ጎረምሶችም፣ በሩን ዘግተው ሲከለክሉት የነበሩት እነሱው፣ እየጮኹ ተጨመሩ። ሰሞኑን የጣለው ዝናብ ያራሰው ጭቃ በሞገስ ጫማና ሱሪ ላይ ተለሰነ። ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ተነቃነቀ፣ ጉብታውን ወረደ፣ ሜዳው ላይ ቆመ።

የታብሌቱ ቀይ ጠፍቶ አረንጓዴ መጣ። ከስፒከሩ መጀመሪያ የተሰማው የሙላቴ ድምፅ ነው፤ «አንቱ፣ ዝም ያሉት ተናደው ይሆን? ሌላ ግጥም ያውጡ እንጂ!» ይላል። ሰላማዊት ማይኳን ከፍታ በአጭሩ ለአያ ይሻው የሆነውን ነገረቻቸው። ሙሽራው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወደ በሩ እየተመለሰ እንደሆነም ጨመረች።

አያ ይሻው ደጋኑን አነሱ። ከዚያ ማሲንቆው ከቅድሙ በለሰለሰ ዜማ ጀመረ፤

*በሙሽራ ልብሱ መኪና ከገፋ፣*
*ልጄን ይሸከማል መንገዱ ቢከፋ።*

ዳሱ ተነቃነቀ። እትዬ ጌጤ ከበሮውን ሦስቴ መቱና በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ሞገስ ሊገባ ሲል ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር፤ ግን ይስቅ ነበር። የጋፋት ሰዎች ሲስቅ ያዩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የምርቃት ሰዓት ሲደርስ ብርቱካንና ሞገስ የእትዬ ጌጤን ጉልበት ሳሙ። ቀጥሎ የአባት ጉልበት ነው። ብርቱካን ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ቬሏን ሰብስባ ስፒከሩ ፊት ተንበረከከች። ሞገስም አጠገቧ ተንበረከከ። ሰላማዊት የሌላውን ማይክ ሁሉ ዘግታ የአያ ይሻውን ብቻ ተወችው።

«አባዬ፣ ተንበርክኬልሃለሁ።»

«አየሁሽ ልጄ» አሉ አያ ይሻው፤ ሊያዩዋት እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል፣ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። «ቃል ኪዳናችሁን ያጽናላችሁ። ቤታችሁ እንግዳ የማያጣ፣ ዘፈን የማይጠፋበት ይሁን። ውለዱ፣ ክበዱ። አንተም ሞገስ፣ ልብስህን እኔ አሳጥብልሃለሁ።»

«አሜን!» አለ ዳሱ። ወዲያው ደግሞ ሌላ «አሜን» ከስፒከሩ መጣ፤ የወንዶቹ ክፍል በሽተኞች ናቸው። ተከትሎ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ማዶ፣ እልልታ ተሰማ። የሴቶቹ ክፍል በሽተኞች በሩን አስከፍተው ሲያዳምጡ ኖረዋል። ጋፋት ያሉት ሴቶች በእልልታ መለሱላቸው፤ እነዚያም ደገሙ።

ከዚያ በኋላ ጭፈራው ሆነ። አያ ይሻው ሲመቱ፣ እትዬ ጌጤ ሲዘፍኑ፣ የይፋግና የጋፋት ሰው ትከሻውን ሲያራግፍ ዋለ። በኋላ ኑሩ እንዳወራው ከሆነ ሆስፒታሉ ውስጥም ትከሻ ያለው ሁሉ ተኝቶ ይወዛወዝ ነበር። ሙላቴ በጀሶ ክንዱ ሳይቀር። ሲስተር ሰልማ ገብታ ወገቧን ይዛ ቆመች። ሁሉም ገመዱን ልትነቅል ነው ብለው ፈሩ። እሷ ግን የአያ ይሻውን የተሰቀለ እግር ጎንበስ ብላ መረመረች፣ ክብደቱ እንዳልተነቃነቀ አየች፣ ቀና አለችና፣ «እግር ብቻ ነው የከለከልኩት» ብላ ትከሻዋን ሁለቴ ሰበቀች። ክፍሉ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሽሮቹ ወደ ይፋግ ሄዱ። ዳሱ ሳሳ። ሰላማዊት ስፒከሮቹን አጥፍታ ገመድ መጠቅለል ስትጀምር እትዬ ጌጤ አጠገቧ መጥተው የእሷን ማዳመጫ በጣታቸው ነኩት።

«በዚህ ሰው ሳይሰማ ማውራት ይቻላል?»

«ይቻላል እትዬ። እርስዎና እሳቸው ብቻ።»

ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ ደፋችላቸው፣ ማይኩን አስያዘቻቸው። እትዬ ጌጤ ባዶ የጠላ ጋን ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጭ አሉ።

«ይሻው፣ አለህ?» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ትንሽ አዳመጡና ፈገግ አሉ። «ሄደች። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አዎ፣ ዶሮው ደርሷል፣ ለሁሉም ደርሷል። የሞገስ እናት ምን እንዳለችኝ ልንገርህ...»

ሰላማዊት የቀረውን አልሰማችም። የጠቀለለችውን ገመድ አስቀመጠችና ለኑሩ ደወለች። «ሳህኑን ገና አታውርድ» አለችው። «ሰው እየተጠቀመበት ነው።»

«እዚህም እንደዚያው ነው» አለ ኑሩ። «አያ ይሻው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይስቃሉ። ሙላቴ ጆሮውን አቁሞ ነበር፤ ሰልማ መጋረጃውን ሳበችበት።»